ቤት ሲለቀቅ የቀሩ ደብዳቤዎች

በ1988 (ዓ.ም. ካላልኩ በቀር ዘመኑ ሁሉ የፈረንጅ ነው) በአሜሪካ ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ይሠራ የነበረ ስቲቭ ዶርነር የተባለ ፕሮግራመር ለማኪንቶሽ ኮምፒውተር የሚሆን የኢሜይል ፕሮግራም መጻፍ ጀመረ። ከዓመት ጥቂት በዘለለ ጊዜ 50,000 መስመር ኮድ ጽፎ ጨረሰ። ስም ሊያወጣለት ሲያስብ ትዝ ያለው የሚሲሲፒዋ ደራሲ የዩዶራ ዌልቲ አንድ አጭር ልብ ወለድ ነው፤ ከቤተሰቦቿ ተኳርፋ፣ ጓዟን ጠቅልላ፣ ወደምትሠራበት ፖስታ ቤት ስለገባች ሴት የሚተርክ። ዶርነርም ኢሜይል ላይ ተደፍቶ ስለሚውል ራሱን ፖስታ ቤት እንደሚኖር ሰው ቆጠረና ፕሮግራሙን በደራሲዋ ስም «ዩዶራ» አለው።

ዩዶራ ደብዳቤ የሚያስቀምጥበት መንገድ ቀላል ነበር። አንድ የደብዳቤ ሣጥን ማለት አንድ ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው። አዲስ ደብዳቤ ሲመጣ ከፋይሉ ግርጌ ይቀጠላል፤ አንዱ የት አልቆ ሌላው የት እንደሚጀምር የሚታወቀው «ፍሮም» ብላ በምትጀምር አንዲት መስመር ነው። ዩዶራ ራሱ ባይኖር እንኳ ፋይሉን በማንኛውም የጽሑፍ መክፈቻ ከፍቶ ማንበብ ይቻላል። ያን ጊዜ ይህ ለማንም ቁም ነገር አልነበረም። ከዚህ በኋላ የምተርከው ሁሉ ግን የሚዞረው በዚህችው ነገር ዙሪያ ስለሆነ አንባቢ ይያዝልኝ።

የዚያ ዘመን ኢሜይል የሚሠራው እንደ ፖስታ ሣጥን ቁጥር ነበር። ደብዳቤው ሰርቨር ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። ባለቤቱ በስልክ መስመር ይደውላል፤ ፕሮግራሙ ያለውን ሁሉ ጠራርጎ ወደ ኮምፒውተሩ ያወርዳል፤ አውርዶ ሲጨርስ ሰርቨሩ ላይ ያለውን ያጠፋል፤ ስልኩም ይዘጋል። ፖፕ የሚሉት አሠራር ይህ ነው። ስልክ በደቂቃ በሚቆጠርበትና የዲስክ ዋጋ በማይቀመስበት ዘመን ከዚህ የሚሻል አልተገኘም። ደብዳቤን ሰርቨሩ ላይ እንዳለ ትቶ ከየትም ማንበብ የሚያስችለውን አይማፕን ማርክ ክሪስፒን ስታንፎርድ ሳለ በ1986 ነድፎት ነበር፤ ግን ለዚያ የሚበቃ መስመር የነበረው ማን ነው? ስለዚህ አንድ ሰው ከወዳጅ ዘመድ የተጻጻፈው ሁሉ፣ ብቸኛው ቅጂ፣ ጠረጴዛው ላይ ባለችው ኮምፒውተር ውስጥ ብቻ ተቀመጠ።

እኛ አገር በ1990ዎቹ መጀመሪያ ኢሜይል ያውቅ የነበረው በተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ግቢ በነበረው፣ ፓዲስ በሚባል የመረጃ ሥርዓት በኩል የሚጻጻፍ ጥቂት ሰው ነበር። ደብዳቤው ሲጠራቀም ይቆይና በስልክ ጥሪ ተጭኖ ይሄዳል፤ እንደ አገር አቋራጭ አውቶቡስ፣ ሲሞላ ነው የሚነሣው። ኢንተርኔት በቴሌ በኩል ለደንበኛ መሸጥ የጀመረው በ1997 መጀመሪያ፣ በእኛ 1989 ዓ.ም. ነው። የሞደሙን ጩኸት የሰማ ሰው ዛሬም በአፉ ሊያስመስለው ይችላል።

ወደ ማይክሮሶፍት እንምጣ። በኦገስት 1995 የወጣው ዊንዶውስ 95 ዴስክቶፑ ላይ «ኢንቦክስ» የምትል ምልክት ነበረችው፤ ስትነካ ኤክስቼንጅ የሚባል፣ ለመሥሪያ ቤት እንጂ ለቤት ያልታሰበ ፕሮግራም ትከፍታለች። በዓመቱ ከኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 3 ጋር ቀለል ያለ ሌላ ፕሮግራም መጣ። በ1997 ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 4 ሲወጣ ያው ፕሮግራም ተሻሽሎ «አውትሉክ ኤክስፕረስ» የሚል አዲስ ስም ተሰጠው። ይህ ስም ስንቱን እንዳሳሳተ! ኦፊስ ውስጥ ያለው፣ በገንዘብ የሚገዛው አውትሉክ ሌላ ፕሮግራም ነው። ሲጠሩ ታላቅና ታናሽ ወንድማማች ይመስላሉ እንጂ የሥጋ ዝምድና የላቸውም፤ የአንዱን ፋይል ሌላው አይከፍተውም። ዛሬም አንድ ሰው «አውትሉኬ ተበላሸ» ብሎ ሲደውል «የትኛው?» ብሎ መጠየቅ ግድ ነው።

አውትሉክ ኤክስፕረስ ዩዶራን የረታው በብልጫ አይደለም፤ ከዊንዶውስ ጋር ስለመጣ ነው። ዩዶራን ፈልጎ ማምጣትና መጫን ያስፈልጋል፤ ኤክስፕረስ ግን ሰው ኮምፒውተሩን ገዝቶ ሲከፍት ቁጭ ብሎ ይጠብቀዋል። ነጻ ነው፣ ለመልመድም አያስቸግርም። በመላው ዓለም የቤትና የትንሽ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ እያደር ወደዚያ ገባ። በማርች 1999 ሜሊሳ፣ በሜይ 2000 ደግሞ «እወድሃለሁ» እያለ ከፊሊፒንስ የተነሣው ቫይረስ የታላቁን፣ የኦፊሱን አውትሉክ የአድራሻ ደብተር እየገለጡ ለወዳጅ ዘመድ ራሳቸውን ሲልኩ እንኳ ሰው ኤክስፕረስን አልጣለም።

በ1999 አምስተኛው ስሪት ሲወጣ የደብዳቤው አቀማመጥ ተቀየረ። እያንዳንዱ ፎልደር ስሙ በ«ዲቢኤክስ» የሚያልቅ አንድ ፋይል ሆነ። የገቢ ደብዳቤው አንድ ፋይል፣ የወጪው አንድ፣ የተሰረዘው አንድ። ይህ እንደ ዩዶራው ተራ ጽሑፍ አይደለም፤ ደብዳቤዎቹ እየተቆራረጡ ከማውጫቸው ጋር ተቀላቅለው የተጠቀጠቁበት፣ ከራሱ ከፕሮግራሙ በቀር ማንም አስተካክሎ የማያነበው ሣጥን ነው። ደብዳቤ ሲሰረዝ ቦታው ወዲያው አይለቀቅም፤ ባዶ ጉድጓድ ሆኖ እዚያው ይቀራል። ፋይሉ እያበጠ 2 ጊጋባይት ሲደርስ ደግሞ ጣጣው ይጀምራል፤ አዲስ ደብዳቤ አይገባም፣ አንዳንዴም የነበረው አይታይም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ዲቢኤክስ ግን ወረቀት አልነበረም።

ዊንዶውስ ኤክስፒ በኦክቶበር 2001 መጣ። ብዙ ኢትዮጵያዊ ኮምፒውተር የለመደው በእሱ ነውና እዚህ ላይ ረገጥ አድርገን እንለፍ። ኤክስፒ ላይ ደብዳቤው የተቀመጠበትን ፎልደር ለማግኘት የነበረው መንገድ እንዲህ ነው። ሲ ድራይቭን ይከፍታሉ። «ዶኪዩመንትስ ኤንድ ሴቲንግስ» ውስጥ ይገባሉ፣ ከዚያ የራስዎ ስም ውስጥ፣ ከዚያ «ሎካል ሴቲንግስ» ውስጥ። ይህኛው የተደበቀ ስለሆነ የተደበቁ ፎልደሮች እንዲታዩ አስቀድሞ ማዘዝ ያስፈልጋል። ቀጥሎ «አፕሊኬሽን ዳታ»፣ ቀጥሎ «አይደንቲቲስ»። እዚያ በቅንፍ የታጠረ፣ 32 ፊደልና ቁጥር የተዘበራረቀበት፣ ሰው ሊሸመድደው የማይችል ስም ያለው ፎልደር አለ። እሱን ከፍተው «ማይክሮሶፍት»፣ ከዚያ «አውትሉክ ኤክስፕረስ»። አሁን ደረሱ። የእናትዎ ደብዳቤ፣ የቪዛው መልስ፣ የጋብቻው ጥሪ ያለው እዚህ ነው።

የእኛ አገር ልማድ ደግሞ ይታወቃል። ኮምፒውተር ሲንቀራፈፍ፣ ቫይረስ ሲገባበት ወይም አዲስ ዊንዶውስ ሲጫን ባለሙያው የሚያዘው መድኃኒት አንድ ነው፦ ፎርማት ይደረግ። ሲ ድራይቭ ይጠረጋል፣ ዲ ድራይቭ አይነካም። ሰዉም ይህን ስለሚያውቅ ፎቶውን፣ ሙዚቃውን፣ የመመረቂያ ጽሑፉን ዲ ላይ ያስቀምጣል። «ዲ ላይ ያለህን አረጋግጥ፣ ሲን ልጠርገው ነው» ይላል ባለሙያው፤ ባለቤቱም በልበ ሙሉነት «አረጋግጫለሁ» ይላል። ደብዳቤው ግን ሲ ላይ፣ ያም ተደብቆ እንደሚኖር ከሁለቱም አንዱ ትዝ አይለውም። ማታ ቤቱ ገብቶ አውትሉክ ኤክስፕረስን ሲከፍት የሚጠብቀው አንድ ደብዳቤ ብቻ ነው፤ ከማይክሮሶፍት የተጻፈ፣ እንኳን ደህና መጡ የሚል። የቀረውን ውሃ በላው። እንዲህ ያጣውን ሰው ብንቆጥር የምንጨርስ አይመስለኝም።

በኦገስት 2003 አንድ የማይክሮሶፍት ኃላፊ አውትሉክ ኤክስፕረስ ከእንግዲህ ባለበት ይቆማል፣ አይሻሻልም ብሎ ተናገረ። የተጠቃሚው ጩኸት ሲበዛ ኩባንያው በቀናት ውስጥ ቃሉን አጠፈ። ሆኖም የነገሩ አዝማሚያ ያኔውኑ ታይቷል። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ሁለት ነገር ሆነ። ጉግል ኤፕሪል 1 ቀን 2004 ጂሜይልን ሲያስተዋውቅ ለአንድ ሰው 1 ጊጋባይት ቦታ እሰጣለሁ ስላለ፣ ቀኑም የማታለያ ቀን ስለነበር ብዙው ሰው ቀልድ መሰለው፤ ሆትሜይል ያን ጊዜ በነጻ የሚሰጠው 2 ሜጋባይት ነበርና አይፈረድበትም። በዲሴምበር 7 ደግሞ ሞዚላ ተንደርበርድን አንደኛ ስሪት ብሎ አወጣ። ተንደርበርድ ደብዳቤ የሚያስቀምጠው ከዩዶራ ጋር በሚመሳሰል ተራ የጽሑፍ ፋይል ነው፤ ፎልደሩን እንዳለ ከዊንዶውስ ወደ ሊኑክስ ወይም ወደ ማክ ወስዶ መክፈት ይቻላል። በሁለቱ መካከል አውትሉክ ኤክስፕረስ እንደተወደደ ቆየ።

በዚያው በ2004 ለኤክስፒ የወጣው ሁለተኛ ሰርቪስ ፓክ ያንን የባዶ ጉድጓድ ጣጣ ለማቃለል አንድ ነገር ጨመረ። ፕሮግራሙ በተዘጋ በየ100 ጊዜው «ቦታ ለማትረፍ ደብዳቤዎቹን ላጠጋጋ?» ይላል። ሰውየው ወደ ቤቱ ሊሄድ ተነሥቷል፣ ባርኔጣው በእጁ ነው። «እሺ» የምትለውን ይነካል። ማጠጋጋቱ ደቂቃዎች ይወስዳል፤ ሰውየው ትዕግሥት አጥቶ ኮምፒውተሩን ያጠፋል፣ ወይም መብራት ይሄዳል። በማግስቱ የገቢ ደብዳቤው ፎልደር ባዶ ነው። ማይክሮሶፍት በኋላ ባወጣው ማሻሻያ ማጠጋጋቱ ከመጀመሩ በፊት የፋይሉ ቅጂ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ እንዲቀመጥ አደረገ። ይህን የማያውቀው ሰው ግን ቆሻሻውን ያራግፍና በገዛ እጁ ይቀብረዋል።

ዊንዶውስ ቪስታ ለሕዝብ የወጣው ጃንዋሪ 30 ቀን 2007፣ በእኛ ጥር 22 ቀን 1999 ዓ.ም. ሲሆን ለሚሌኒየሙ በዓል ሽር ጉድ በምንልበት ዓመት ነው። አውትሉክ ኤክስፕረስ የለም። በቦታው «ዊንዶውስ ሜይል» የሚባል፣ መልኩ ያንኑ የሚመስል ፕሮግራም ተቀምጧል። ውስጡ ግን ሌላ ነው። ዲቢኤክስ ቀርቶ እያንዳንዱ ደብዳቤ ለብቻው በ«ኢኤምኤል» የሚያልቅ አንድ ፋይል ሆነ፤ ይህም ተራ ጽሑፍ ነው። የእኔን አስተያየት ከጠየቃችሁኝ፣ ማይክሮሶፍት በደብዳቤ ጉዳይ ከሠራው ሁሉ የሚመሰገንበት ይህ ነው፤ አንዱ ፋይል ቢበላሽ የሚጠፋው አንድ ደብዳቤ ነው። የቀረበትም ነገር አለ። ኤክስፕረስ ላይ ባልና ሚስት፣ ወንድምና እኅት በአንድ ኮምፒውተር የየራሳቸውን ደብዳቤ ለይተው የሚያስቀምጡበት «አይደንቲቲ» የሚባል ነገር ነበረ፤ ቪስታ አስቀረው። ሆትሜይልን እዚያው ማውረድም ቀረ።

በ2000 ዓ.ም. አንድ ጎረቤታችን የነበሩ ጡረታ የወጡ መምህር ከልጃቸው አዲስ ኮምፒውተር ተላከላቸው፤ ቪስታ የተጫነበት። አሮጌው ኤክስፒ ነው፣ ደብዳቤያቸው ያለው እሱ ላይ ነው። እኔ «ቀላል ነው ጋሼ» ብዬ ገባሁበት። ያን የተደበቀ ፎልደር አገኘሁት፣ ሲዲ ላይ ጻፍኩት፣ አዲሱ ኮምፒውተር ላይ ገለበጥኩት፣ ዊንዶውስ ሜይልን ከዚህ አንብብ አልኩት። በፎልደሩ ውስጥ ምንም መልእክት የለም፣ ወይም ሌላ ፕሮግራም እየተጠቀመበት ነው አለኝ። ደገምኩት፣ ያንኑ አለኝ። ኮምፒውተሩን አጥፍቼ አበራሁት። ያው ነው።

«አለ ወይስ የለም?» አሉኝ ጋሼ፣ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አድርገው።

«አለ ጋሼ። ፋይሉ ይኸው ይታየኛል፣ መጠኑም ትልቅ ነው። አልከፈት ብሎ ነው።»

«ካለ ምን ያስቸኩልሃል ታዲያ። ቡና ይፈላልህ።»

ቡናው ሦስተኛው ሲደርስ ነገሩ ገባኝ። ሲዲ ላይ የሚጻፍ ነገር አይቀየርም፤ ከሲዲ የተገለበጡት ፋይሎች «ለማንበብ ብቻ» የሚል ምልክት ተለጥፎባቸው መጥተዋል። ፕሮግራሙ ደግሞ ሊጽፍበት ያልተፈቀደለትን ሣጥን ሊከፍት አይችልም፤ ይህን በቀጥታ በመናገር ፈንታ «ምንም የለም» ይላል። ፎልደሩን በቀኝ ነክቼ ያቺን ምልክት አነሣሁ። ደብዳቤዎቹ አንድ በአንድ ይወርዱ ጀመር፤ ጋሼ ወንበራቸውን ሳቡ።

ከልጃቸው የመጣውን የመጀመሪያውን ሲከፍቱ ግን ያዩት የላቲን ፊደል፣ ቁጥርና የማይታወቅ ምልክት የተዘራበት ገጽ ነው። «ይሄ የእሱ ጽሑፍ አይደለም» አሉ። የእሱ ነበር። ልጁ ይጽፍ የነበረው በዚያ ዘመን በተለመደው ዓይነት የአማርኛ ፊደል ሶፍትዌር ነው። እነዚያ ሶፍትዌሮች የግእዙን ፊደል የሚያስቀምጡት ለላቲን በተመደበው ቁጥር ላይ ነበር፤ ለኮምፒውተሩ ያው እንግሊዝኛ ነው፣ ፊደሉ ሲጫን ብቻ አማርኛ ሆኖ ይታያል። የአንዱ ሶፍትዌር አመዳደብ ከሌላው አይገጥምም። አዲሱ ኮምፒውተር ላይ ፊደሉ አልተጫነም። ከአሮጌው ፊደሉን አምጥቼ ስጭነው ገጹ «ይድረስ ለምወድህ አባቴ» ብሎ ተከፈተ።

የሚገርመው፣ ይህን ጣጣ የሚያስቀረው ነገር በዚያው በቪስታ መምጣቱ ነው። የግእዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የፊደል መመደቢያ በዩኒኮድ ውስጥ የራሱን ቦታ ያገኘው በ1999 በወጣው 3.0 ስሪት ነው። ከዚያ በፊት በውጭ አገር ያሉ ኢትዮጵያውያን አማርኛን በላቲን ፊደል እየጻፉ ይላላኩ ነበር፤ ዳንኤል ያቆብና ይትና ፍርድይወቅ ይህን ሥርዓት ያስያዙበት «ሴራ» የሚባል አጻጻፍም ነበር። ዩኒኮድ ቦታውን ቢሰጥም ዊንዶውስ ራሱ የግእዝ ፊደል ይዞ የመጣው ገና በቪስታ ነው፤ ስሙም ኒያላ። በአንድ እጁ የለመድነውን የደብዳቤ ፕሮግራም ሲወስድ በሌላው ፊደላችንን ሰጠን። በኒያላ የተጻፈ ደብዳቤ የት ቢሄድ አማርኛ ነው። የጋሼ ልጅ የጻፋቸው ግን ዛሬም ያቺን አሮጌ ፊደል ይፈልጋሉ።

ቪስታ ብዙ አልተወደደም፤ በኦክቶበር 22 ቀን 2009 በዊንዶውስ 7 ተተካ። ዊንዶውስ 7ን ያመሰገነ ሰው ሁሉ ደብዳቤ ሊያነብ ሲል ደነገጠ፤ ምንም ዓይነት የኢሜይል ፕሮግራም አልነበረበትም። ማይክሮሶፍት ያቀረበው ምክንያት ፕሮግራሙ ዊንዶውስን ሳይጠብቅ ቶሎ ቶሎ እንዲሻሻል ለብቻው ይሁን የሚል ነው። «ዊንዶውስ ላይቭ ሜይል» የሚባለውን ከኢንተርኔት አውርዱ ተባለ። ነገር ለማወቅ የሚጓጉ ሰዎች ግን አንድ ነገር አገኙ። የድሮው ዊንዶውስ ሜይል ፎልደሩ ተደብቆ ዲስኩ ላይ እዚያው አለ! እንዳይነሣ የተደረገው በአንድ ፋይል ነው፤ ስሟም «ኤምኤስኦኢ ዲኤልኤል»። ይህችን ፋይል ከቪስታ አምጥቶ በቦታዋ የተካ ሰው ፕሮግራሙ ምንም እንዳልተፈጠረ ይከፈትለታል። ሞተ የተባለውን ሰው ጓዳ ተቀምጦ እንደማግኘት ነው። ዊንዶውስ በተሻሻለ ቁጥር ፋይሏ ተመልሳ ስለምትቀየር ግን ሥራው እንደገና ነው።

የማክ ሰዎች ተራ በጁላይ 2011 ደረሰ። የዩዶራ ባለቤት የነበረው ኳልኮም በኦክቶበር 2006 ከእንግዲህ በቃኝ ብሎ ነበር፤ ወዳጆቹ ግን አልለቀቁትም። የማክ ዩዶራ የተሠራው ለድሮው ፓወርፒሲ ፕሮሰሰር ነው፤ አፕል ወደ ኢንቴል ሲዞር «ሮዜታ» የሚባል አስተርጓሚ አስቀምጦ ስለነበር አሮጌዎቹ ፕሮግራሞች በእሱ በኩል ይሠሩ ነበር። ላየን የተባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ሲመጣ አስተርጓሚው ተሰናበተ። ላየንን የጫነ ሰው ዩዶራን ሲነካ አይከፈትም። የሃያ ዓመት ደብዳቤ የያዙ ፕሮፌሰሮችና ጋዜጠኞች አዲሱን ማክ ትተው አሮጌውን ሙጥኝ አሉ። የተሻገሩትስ? ፋይላቸው ተራ ጽሑፍ ስለነበር ደብዳቤያቸው ወደ ተንደርበርድ ወይም ወደ አፕል ሜይል ገባላቸው። የቀረው አባሪው ነው። ዩዶራ ከደብዳቤ ጋር የመጣን ፎቶ ወይም ሰነድ ነቅሎ ለብቻው ፎልደር ውስጥ ያስቀምጥና በደብዳቤው ግርጌ «አባሪው እዚህ ተቀምጧል» የሚል አንድ መስመር ይተዋል። ፎልደሩን ረስቶ ለተሻገረ ሰው ያ መስመር የሚጠቁመው የሌለ ዲስክን ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው ቶሎ ቶሎ ሄደ። ዊንዶውስ 8 በኦክቶበር 2012 «ሜይል» የሚል አጭር ስም ያለው አፕ ይዞ መጣ፤ ፖፕን አይቀበልም፣ የድሮ ደብዳቤም አያስገባም። በዚያው ዓመት ሞዚላ ተንደርበርድን ማሳደግ አቆማለሁ አለ፤ በጎ ፈቃደኞች ተረክበው ይዘውት ቆዩ፣ በ2020 ደግሞ የራሱ ኩባንያ ተቋቋመለት። ኤክስፒ በኤፕሪል 8 ቀን 2014 ድጋፉ ሲቋረጥ አውትሉክ ኤክስፕረስም አብሮ ተቀበረ። ዊንዶውስ 10 በጁላይ 2015 ወጣ፤ የእሱ ሜይል ፖፕን ቢቀበልም አሮጌ ደብዳቤ የሚያስገባበት በር አልተሠራለትም። ከዊንዶውስ 7 ጀምሮ ላይቭ ሜይልን አምኖ የተቀመጠው ሰው በ2016 አጋማሽ ከሆትሜይል አድራሻው ጋር ተቆራረጠ፤ በጃንዋሪ 10 ቀን 2017 ደግሞ የፕሮግራሙ ድጋፍ ጨርሶ አበቃ። አውርዱ ካሉን ሰባት ዓመት ከጥቂት ወር ነው። ሆኖም የላይቭ ሜይል ሰዎች ጨርሶ አልከሰሩም፤ ደብዳቤያቸው ከቪስታ በተወረሰው አቀማመጥ በየፋይሉ ነበርና ፎልደሩን ገልብጦ ያስቀመጠ ሁሉ ዛሬም ያነበዋል።

በሜይ 2018 ካሊፎርኒያ ያለው የኮምፒውተር ታሪክ ሙዚየም ከኳልኮም ጋር አምስት ዓመት ያህል ሲነጋገር ቆይቶ የዩዶራን ኮድ ለሕዝብ ክፍት አደረገ። የዶርነር ፖስታ ቤት ሙዚየም ገባ፤ ቁልፉም ከደጁ ተንጠልጥሎ ያገኘው ሁሉ ይከፍተዋል።

ማይክሮሶፍት ደግሞ የዊንዶውስ 10ን ሜይል ዲሴምበር 31 ቀን 2024፣ በእኛ ታኅሣሥ 22 ቀን 2017 ዓ.ም. ዘጋው። ከዚያ ቀን በኋላ አፑ ደብዳቤ አይልክም፣ አይቀበልም፤ ኮምፒውተሩ ላይ የቀረውን ብቻ ማውጣት ይቻላል። በቦታው የተተከለው «አዲሱ አውትሉክ» ነው። አሁንም አውትሉክ፤ አሁንም የትኛው ብሎ መጠየቅ ግድ ሆነ። አዲሱ አውትሉክ የሌላ ድርጅት የአይማፕ ደብዳቤን ጭምር ወደ ማይክሮሶፍት ሰርቨር ገልብጦ ነው የሚያሳየው፤ አውሮፓ ውስጥ ይህ ብዙ አከራክሯል። ዶርነር ፕሮግራሙን ሲጽፍ ደብዳቤው ሁሉ ጠረጴዛው ላይ ነበር። አሁን ጠረጴዛው ላይ የለም ማለት ይቻላል፤ ፎርማት ቢደረግም አይጠፋም፣ የይለፍ ቃል ሲረሳ ግን ይጠፋል።

ዊንዶውስ 10 ራሱ ኦክቶበር 14 ቀን 2025፣ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. መደበኛ ድጋፉ አበቃ፤ እንደገና ብዙ ሰው ኮምፒውተር ይቀይራል። አሮጌው ብዙ ጊዜ የሚቀመጠው ሳሎን ጥግ፣ ዳንቴል ለብሶ ነው። አንድ ቀን ቆራሊዮው በሰፈር ሲያልፍ ቤት ያለው ሰው «ይሄን ውሰደው» ይለዋል። ከዚያ በፊት እባካችሁ አንድ ሰዓት ስጡት። ዲስኩን አስወጡትና ሌላ ኮምፒውተር ላይ አስቀጥሉት፤ የተደበቁ ፎልደሮች ይታዩ በሉና በዲቢኤክስ፣ በኢኤምኤል ወይም (የዩዶራ ከሆነ) በኤምቢኤክስ የሚያልቅ ፋይል ፈልጉ። ያገኛችሁትን ሁለት ቦታ ገልብጡ። የድሮ የአማርኛ ፊደል ተጭኖበት ከነበረም ከ«ፎንትስ» ፎልደሩ ፊደሉን አብራችሁ አውጡ። ከሲዲ የገለበጣችሁት አልከፈት ካለ ደግሞ ያቺን «ለማንበብ ብቻ» የምትል ምልክት አንሡለት።